ረጅሙን ልጅ ማን ያስተምረው?

ክቡር አዘጋጅ፤

የአንባቢዎች ደብዳቤ በሚወጣበት በዚህ ዓምድ ላይ አንድ አሳብ እንዳቀርብ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ የሩቅ አገር ነገር ነው፤ ይኸውም የአሜሪካ ኮሌጆች በቅርጫት ኳስ ጨዋታ ስም ያወጡትን የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ለመውሰድ ስለሚያደርጉት ሽሚያ ነው። «ይህ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልቀየመውም፤ እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ እንዲሁ እል ነበር። አሁን ግን ጉዳዩ በስልክ ቤቴ ድረስ መጥቶ ስለ ጠየቀኝ ዝም ማለት አልቻልሁም።

ታላቅ እኅቴ ከባሏ ጋር በሜሪላንድ፥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባለው ከተማ መኖር ከጀመረች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በዚያ ከተማ ያገራችን ሰው ምን ያህል እንደሚበዛ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር አያስፈልግም፤ በየመሥሪያ ቤቱ በዚያ በኩል ዘመድ የሌለው ሠራተኛ ጥቂት ነው። የበኵር ልጅዋ አሥራ ሰባት ዓመቱ ነው። ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት ጣት ቀርቶታል፤ ከማን እንደ ወረሰው ከቤተ ሰቡ የሚያውቅ የለም። በተማሪ ቤቱ ቡድን ውስጥ የቅርጫት ኳስ ይጫወታል፤ ደኅና ተጫዋች ነው ይሉታል። ስሙ በየጋዜጣው ከሚጻፍላቸው ልጆች መካከል አይደለም፤ የሚፈልጉትም ኮሌጆች ትንንሾች ናቸው። እኅቴ አንድ ሌሊት ደወለችልኝና «አንድ አሠልጣኝ ከኮሌጅ ድረስ መጥቶ ቤታችን ገባ። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፤ ዶሮውን በእጁ በላ፤ ቡናውንም እስከ በረካ ጠጣ። ከዚያ ልጅሽን ስጪኝ አለኝ። በሚመጣው ሳምንት ደግሞ ከሌላ ኮሌጅ ይመጣሉ። አንተ አስተማሪ ነህ፤ ምን ትመክረኛለህ?» አለችኝ።

እኔም «እትዬ፥ ስለ ትምህርቱስ ምን አለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ጥቂት ዝም ብላ ከቆየች በኋላ «ስለ ትምህርቱማ፥ ጥሩ ነው አለኝ» ብላ መለሰችልኝ።

ከዚያ ሌሊት ወዲህ ስለዚህ ነገር ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ ሰነበትሁ። ካነበብሁት ውስጥ ያስገረመኝንና ያሳሰበኝን ብቻ እጽፋለሁ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይወቅልኝ።

በመጀመሪያ ሽሚያው ከምን እንደ መጣ ላስረዳ። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ማለት የመማሪያ ቦታ ብቻ ሳይሆን የኳስ ቡድንም ነው። በየዓመቱ በማርች ወር የሚደረገውን የኮሌጆች የቅርጫት ኳስ ውድድር በቴሌቪዥን ለማሳየት በ2010 የተፈረመው ውል ለ14 ዓመት 10.8 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2016 ደግሞ በ8.8 ቢሊዮን ዶላር እስከ 2032 ድረስ ተራዘመ። ይህን የሚያህል ገንዘብ የሚጠብቀው ቡድን በሜዳ ላይ የሚያሰልፈው አምስት ልጅ ብቻ ነው። በእግር ኳስ አንድ ጎበዝ ልጅ ከአሥር ሰነፎች ጋር ቢሰለፍ ብዙ አይረዳም፤ በቅርጫት ኳስ ግን ከአምስቱ አንዱ እጅግ ረጅምና ፈጣን ከሆነ ማንም የማያውቀው ኮሌጅ በአንድ ዓመት ውስጥ ስመ ጥር ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ አሠልጣኞቹ ልጅ ፍለጋ አገር ላገር ይዞራሉ። አመጣጣቸው ባገራችን ሽማግሌ ልኮ ልጅ እንደ መጠየቅ ያለ ነው፤ አባትና እናት ካሉበት ይገባሉ፥ የቤቱን ምግብ ያመሰግናሉ፥ «ልጅዎን እንደ ልጄ አድርጌ እይዛለሁ» ይላሉ። ልዩነቱ ባገራችን አንዱ ወገን ጠይቆ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ሌላው የሚታገሥ መሆኑ ነው፤ እዚያ ግን አንዱ ሲወጣ ሌላው መኪናውን ከደጅ አቁሞ ይጠብቃል። ልጆቹንም እንደ ሆቴል በኮከብ ይመድቧቸዋል። ሃዋርድ ጋርፊንክል የሚባል የኒው ዮርክ ሰው ተጫዋቾችን እየገመገመ መጽሔት ያወጣ ነበር፤ በ1966 የከፈተውንም የበጋ መለማመጃ ሰፈር «አምስት ኮከብ» ብሎ ሰየመው። እኔ በበኩሌ ተማሪዎችን በነጥብ ስመዝን አሥር ዓመት አልፎኛል፤ ዳሩ ግን ለአንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ኮከብ ሰጥቶ በአደባባይ ማወጅን አልደፍርም።

ሽሚያው የዛሬ ነገር አይደለም። በ1955 የፊላዴልፊያው ዊልት ቼምበርሌይን የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ሲጨርስ ከ200 በላይ ኮሌጆች ፈልገውት ነበር፤ ያገኘው የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ነው። ያግባቡት ሽማግሌው አሠልጣኝ ፎግ አለን ግን አልተጠቀሙበትም፤ ስለ ምን ቢባል በዚያ ዘመን የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን እንዳይጫወት የሚከለክል ሕግ ስለ ነበረና እርሳቸውም በ1956 ዕድሜያቸው ደርሶ ጡረታ ስለ ወጡ አንድ ቀን እንኳ በዋናው ቡድን ሳያሠለጥኑት ቀሩ። ጡረታቸው የተቃረበ አንባቢዎች እንደሚያዝኑላቸው አልጠራጠርም። ቼምበርሌይንም በካንሳስ ሳለ ከደጋፊዎች በስውር ገንዘብ ይቀበል እንደ ነበረ ከብዙ ዓመት በኋላ ራሱ ተናገረ።

በ1974 ደግሞ እናቱ ብቻዋን ያሳደገችው የቨርጂኒያው ሞዝስ ማሎን ተራው ደረሰ። መልማዮቹ በሚኖርበት በፒተርስበርግ ከተማ ሆቴል ይዘው ይሰነብቱ ነበር። በመጨረሻ ለሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ፈረመ፤ ነገር ግን አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወትላቸው የዩታ ቡድን በደመወዝ ቀጠረውና ሄደ። ብዙ ሰው አማው። እኔ አላማውም። ሥራ ለመሥራት የተነሣ ልጅ ነበረ፤ ሥራውን ሥራ ብሎ ጠርቶ ያዘው። ተማሪ ነኝ ብሎ ሳይማር ከመኖር ይሻላል።

በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ ክፍል የሚሠራ ጓደኛዬ ከሥራ በኋላ ሻይ ስንጠጣ ይህን ሁሉ ብነግረው «ነገሩን ያበላሸው ገንዘብ ነው» ብሎ ቈረጠው። እንዲህ የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ ግን አልስማማበትም። ገንዘቡ ሁልጊዜም ነበረ፤ የሚገባው በጓሮ በር ነበር እንጂ። ሴፕቴምበር 26 ቀን 2017 የአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ አሥር ሰዎችን መያዙ ታወቀ፤ ከነዚህም አራቱ የታወቁ ዩኒቨርሲቲዎች ረዳት አሠልጣኞች ሲሆኑ አንዱ የአዲዳስ ኩባንያ ሹም ነበር። ከቀረቡት ክሶች አንዱ፥ አንድ ልጅ የሉዊቪልን ዩኒቨርሲቲ እንዲመርጥ ለቤተ ሰቡ 100,000 ዶላር እጅ መንሻ ሊከፈል ተመክሯል የሚል ነው። በ2018 በዚህ ነገር ሦስት ሰዎች ጥፋተኞች ተባሉ። የሚያስደንቀው ግን በፍርድ ቤቱ ፊት ተበዳይ የተባለው ዩኒቨርሲቲው መሆኑ ነው፤ ባለማወቅ ለማይገባው ልጅ ነፃ ትምህርት ሰጥቶ ተታልሏል ተባለ። ልጁ ግን በአሜሪካ ኮሌጅ አንድ ጨዋታ እንኳ ሳይጫወት ቀረ። ለእርሱ «ተበድሏል» ያለለት ዐቃቤ ሕግ አልነበረም።

አሁን በሩ ተከፍቷል። ከጁላይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ ተማሪዎቹ ስማቸውና መልካቸው ለንግድ ሲውል ዋጋውን እንዲቀበሉ ተፈቀደላቸው። ጁን 6 ቀን 2025 በፍርድ ቤት የጸደቀው ስምምነት ደግሞ እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ በመጀመሪያው ዓመት እስከ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ድረስ ለስፖርተኞቹ እንዲያከፋፍል መንገድ ከፈተ። በዲሴምበር 2024 ኤ. ጄ. ዲባንትሳ የተባለው ወጣት በዩታ የሚገኘውን ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲን እንደ መረጠ በቴሌቪዥን ሲያስታውቅ ከአምስት እስከ ሰባት ሚሊዮን ዶላር እንደሚያገኝ ተጻፈለት። ጓደኛዬ ይህን ሲሰማ አማተበ። እኔ ግን እንዲህ አልሁት፤ አንተ ደመወዝህ በመዝገብ ሰፍሮ፥ ፊርማህን አኑረህ ስትቀበል ነውር የለውም፤ ሰው ሁሉ የሚያተርፍበት ልጅ ብቻውን ባዶ እጁን ይቀመጥ ማለት ደግሞ ግፍ ነው። በጠረጴዛ ላይ የሚከፈል ገንዘብ በጠረጴዛ ሥር ከሚከፈለው ይሻላል።

ታዲያ የሚያሳስበኝ ምንድን ነው? የሚያሳስበኝ ገንዘቡ በጽሑፍ ሲሰፍር ትምህርቱ እንደ ድሮው በቃል መቅረቱ ነው። ይህንንም ያስተዋልሁት ስለ ኬቨን ሮስ ጉዳይ የተጻፈውን ፍርድ ሳነብ ነው፤ ጉዳዩ ለአስተማሪ ሰው ከሚሊዮኖቹ ሁሉ ይልቅ የሚያስጨንቅ ስለ ሆነ ጥቂት ዘርዘር አድርጌ እናገረዋለሁ።

ሮስ በ1978 ለቅርጫት ኳስ ተመልምሎ በኔብራስካ ወደሚገኘው ክሬይተን ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለመግቢያ በተሰጠው ፈተና ያገኘው ውጤት ከዚያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከለኛ ውጤት እጅግ የራቀ ነበር። ባቀረበው ክስ እንደ ተጻፈው፥ ዩኒቨርሲቲው ይህን እያወቀ የትምህርት ድጋፍ እንደሚያገኝ ቃል ገብቶለት ተቀበለው። አራት ዓመት ተቀመጠ፤ ለመመረቅ ከሚያስፈልጉት 128 ነጥቦች 96ቱን አጠራቀመ። ከወሰዳቸውም ትምህርቶች መካከል ስለ ዒላማ ተኩስና ስለ ቅርጫት ኳስ አጨዋወት ይገኙባቸዋል። ለንባብ የሚሰጠውን የምታነብለት፥ የሚጽፈውንም አዘጋጅታ በጽሕፈት መኪና የምትመታለት ጸሐፊ ተቀጥራለት ነበር ይላል ክሱ። በ1982 ሲወጣ የንባብ ችሎታው የሰባተኛ ክፍል፥ የቋንቋ ችሎታው በጠቅላላው የአራተኛ ክፍል ልጅ ያህል ነበር። ከዚያም ማርቫ ኮሊንስ የሚባሉ አስተማሪ በቺካጎ ባቋቋሙት የሕፃናት ተማሪ ቤት ገብቶ፥ ያ ሁሉ ቁመት ከልጆች ጋር በአንድ ክፍል ተቀምጦ ንባብ ጀመረ። አራት ዓመት ሙሉ በኮሌጅ ተማሪነት የተጨበጨበለት ሰው ነው እንግዲህ። ያ ሰው በትንሽ ወንበር ላይ ለመቀመጥ መድፈሩን ሳስበው ከኳሱ ይልቅ ጀግንነቱ ይህ ይመስለኛል።

በኋላም ዩኒቨርሲቲውን ከሰሰ። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ1992 የሰጠውን ውሳኔ ደጋግሜ አነበብሁት። ዳኞቹ ያሉት ባጭሩ ይህ ነው፤ «በደንብ አላስተማሩኝም» ብሎ የሚመጣን ክስ ፍርድ ቤት አይመረምርም፤ የማስተማርን ጥራት መመዘን የዳኛ ሥራ አይደለምና። ነገር ግን ዩኒቨርሲቲው «ይህንና ይህን አደርግልሃለሁ» ብሎ ለይቶ ቃል ገብቶ፥ ከቃሉም አንዳች ሳይፈጽም ቢቀር በውል ሊጠየቅ ይችላል። በመጨረሻ ዩኒቨርሲቲው ጥፋቱን ሳያምን 30,000 ዶላር ከፍሎ ነገሩ በስምምነት አለቀ። በመሥሪያ ቤት የሚውል ሰው ይህን ውሳኔ ከእኔ ይበልጥ እንደሚረዳው አውቃለሁ። «ጥሩ ትምህርት ይሰጠዋል» የሚለው ቃል ማንንም አያስይዝም። «እገሌ የሚባል አስተማሪ በሳምንት ይህን ያህል ሰዓት ያስጠናዋል» የሚለው ግን ያስይዛል።

ስለ ሮስ ጸሐፊ ባነበብሁ ጊዜ እጄ ለምን እንደ ተንቀጠቀጠ ልናገር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አስተምርበት በነበረው ተማሪ ቤት ውስጥ ለአንድ የእግር ኳስ ቡድን የሚጫወት ልጅ ነበረ። በእንግሊዝኛ ከመቶ 34 አገኘ። ከበላዬ ያሉ ሰው ጠርተው «ይህ ልጅ የከተማው ኵራት ነው፤ አንተ ደግሞ እንቅፋት አትሁን» አሉኝ። 50 አደረግሁለት። ማንም አላስገደደኝም፤ ደመወዜ አይቈረጥም፥ አልዛወርም ነበር፤ ሰው ሁሉ የሚወደውን ልጅ የምጥል እኔ ለመሆን ስላልፈለግሁ ብቻ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ መንገድ ላይ አገኘኝ። ቡድኑ ሌላ ልጅ አግኝቶ አሰናብቶታል። ለጥበቃ ሥራ የሚሞላ ቅጽ ይዞ ነበርና «ቲቸር፥ ይህቺን ሙላልኝ» አለኝ። በአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሞላሁለት። እጅ ነሥቶ አመሰገነኝ፤ እኔ ግን ምስጋናውን ለመቀበል ፊቱን ማየት አልቻልሁም። እንግዲህ ያቺን የጽሕፈት መኪና የምትመታ ጸሐፊ ለመውቀስ እኔ የመጀመሪያው ሰው አልሆንም።

ያደግሁት በሚሲዮን ተማሪ ቤት ነው። ከሰዓት በኋላ መረብ ኳስ እንጫወት ነበር፤ የሳምንቱን የቃል ጥናት ያልጨረሰ ልጅ ግን ምንም ጎበዝ ተጫዋች ቢሆን ወደ ሜዳው አይወጣም። አንድ ጊዜ በዚሁ ምክንያት ከጎረቤት ተማሪ ቤት ጋር ባደረግነው ግጥሚያ ዋናው ልጃችን ቀርቶብን ተሸነፍን። በዚያን ጊዜ ዲሬክተሩን ጨካኝ ናቸው ብለን ነበር፤ እኔ እንዲያውም አለቀስሁ።

የሮስ ጉዳይ ብቻ ቢሆን እኅቴን «ልጅሽን አትስጪ» ብዬ በቈረጥሁት ነበር። ዳሩ ግን ሌላም ታሪክ አገኘሁ።

ፓትሪክ ዩዊንግ በጃማይካ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ ማሳቹሴትስ የመጣ ስደተኛ ልጅ ነበር፤ እናቱ በሆስፒታል ወጥ ቤት ይሠሩ ነበር። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ከአገሩ ሁሉ አንደኛ ከሚባሉት ተጫዋቾች ተቈጠረ፤ ሽሚያውም ደራ። ያን ጊዜ የተማሪ ቤቱ አሠልጣኝ ማይክ ጃርቪስ ሌላ ሰው ያላደረገውን አደረገ። ለሚፈልጉት ኮሌጆች ደብዳቤ ጻፈ። ደብዳቤው ልጁ በንባብና በጽሕፈት እርዳታ እንደሚያስፈልገው ሳይደብቅ ገልጦ፥ አስጠኚ እንዲመደብለት፥ ፈተና ሲፈተን ሰዓት እንዳይወሰንበት፥ የክፍሉንም ትምህርት በመቅረጫ እንዲቀዳ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። ደብዳቤው ወደ ጋዜጦች እጅ በገባ ጊዜ ብዙ ተተቸ። በኋላም በሜዳ ላይ የተቃራኒ ቡድን ደጋፊዎች «ማንበብ አይችልም» የሚል ስድብ በሰሌዳ ጽፈው ያውለበልቡበት ነበር። ከዚህ የከፋ ነገር በተማሪ ላይ ሲደረግ አላየሁም። እኔ ግን ያን ደብዳቤ ከልቤ ወደድሁት። አስተማሪ ስለ ተማሪው እውነቱን ጽፎ «ከፈለጋችሁት ከነጉድለቱ ውሰዱት፤ ጉድለቱንም እንዴት እንደምትሞሉ ንገሩኝ» ማለቱ ነው። ኮከብ ከመስጠት ይህ ይበልጣል።

ልጁ በ1981 የመረጠው የዋሽንግተኑን ጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ነው። አሠልጣኙ ጆን ቶምፕሰን በቢሮው ውስጥ የተነፈሰ የቅርጫት ኳስ ያስቀምጥ ነበር፤ አንድ ቀን ኳሱ እንደሚተነፍስ ልጆቹ እንዲያስቡ ነው። የትምህርቱን ነገር የሚቈጣጠሩለት ሜሪ ፌንለን የሚባሉ፥ ቀድሞ መነኩሲት የነበሩ አስተማሪ ሲሆኑ በጨዋታም ጊዜ ከቡድኑ ጋር ይቀመጡ ነበር። በሚሲዮን ተማሪ ቤት ያደገ ሰው እንዲህ ያለች ሴት ዐይን እንዴት እንደምትከተል ያውቃል፤ ማምለጫ የለም። በቶምፕሰን ዘመን አራት ዓመት ከቆዩት 78 ተጫዋቾች 76ቱ ዲግሪያቸውን ተቀብለዋል። ዩዊንግ በ1984 ከቡድኑ ጋር ዋንጫውን አነሣ፤ እናቱ በ1983 ስለ ሞቱ ያን አላዩም። በ1985 ግን እንዳሰቡለት በአራት ዓመቱ ተመረቀ። በኋላ ከ2017 እስከ 2023 እዚያው አሠልጣኝ ሆኖ ሠርቶ ብዙም አልቀናውም፤ ይህ ግን ሌላ ነገር ነው።

የሒሳብ ክፍሉ ጓደኛዬ አሁንም አልለቀቀኝም። «ሚሊዮን ዶላር ያገኘ ልጅ ዲግሪ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እርሱ ሒሳብ ዐዋቂ ስለ ሆነ በሒሳብ መለስሁለት። በመጀመሪያው ክፍል የሚወዳደሩ ኮሌጆች ከ350 ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱ አሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ቢይዝ ከ4,000 በላይ ይሆናሉ። ኤን.ቢ.ኤ. የተባለው የባለሙያዎቹ ማኅበር በየዓመቱ በምርጫው የሚወስደው ከዓለም ሁሉ ከ60 የማይበልጥ ነው። ቀሪዎቹ ወዴት ይሄዳሉ? ያውም ይህ የትንንሾቹን ኮሌጆች ልጆች ሳንቈጥር ነው፤ የእኅቴ ልጅ ደግሞ ከነዚያ ወገን ነው።

ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛው፥ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን እንዳይጫወት የሚከለክለው ሕግ በ1972 ተሽሯል። በ1965 ሉው አልሲንዶር፥ በኋላ ከሪም አብዱልጀባር የተባለው፥ ለዩ.ሲ.ኤል.ኤ. በገባ ጊዜ የአዲሶቹ ቡድን የአገሩን ዋንጫ የያዘውን ዋናውን ቡድን 75 ለ60 አሸነፈ፤ ቢሆንም ያን ዓመት ከአዲሶቹ ጋር አሳለፈ። ሕጉ ለኳስ ወዳጅ ሞኝነት ነው፤ ለልጁ ግን መጽሐፍ የሚገልጥበት አንድ ዓመት ነበር። ዛሬ ልጁ በገባ በሁለተኛው ወር በቴሌቪዥን ይታያል። ሁለተኛው፥ ከ2024 ወዲህ ተጫዋች በየዓመቱ ኮሌጅ ቢለውጥ ቅጣት የለበትም። መብቱ ነው፤ አሠልጣኝ ደመወዝ በጨመሩለት ቁጥር እየተነሣ ሲሄድ ማንም አልከለከለውም። ነገር ግን በአራት ዓመት አራት ኮሌጅ የለወጠ ልጅ የተማረው ሁሉ እንደማይቈጠርለት እኛ አስተማሪዎች እናውቃለን።

ወደ እኅቴ ልመለስ። ሁለቱም አሠልጣኞች መጥተው ከሄዱ በኋላ አብረን በስልክ አንድ ደብዳቤ አዘጋጀን፤ እኔ ተናገርሁ፥ እርስዋ ጻፈች። ልጁ በሒሳብ ደካማ መሆኑን ሳትደብቅ ገለጠች። የሚያስጠናው ሰው ማን እንደ ሆነ፥ ልምምድና ክፍል በአንድ ሰዓት ቢጋጩ የትኛው እንደሚቀድም፥ ቢሰበር ወይም አሠልጣኙ ኮሌጁን ለቆ ቢሄድ ነፃ ትምህርቱ ይቀጥል እንደ ሆነ ጠየቀች። የመጨረሻውን ያስጨመርኋት እኔ ነኝ፤ ምክንያቱም ከ1973 ጀምሮ ለብዙ ዘመን ይህ ነፃ ትምህርት በየዓመቱ የሚታደስ ብቻ ሆኖ እንደ ኖረ፥ ለብዙ ዓመት መስጠትም የተፈቀደው በ2012 መሆኑን አንብቤአለሁ። ጊዜያዊ ቅጥር ምን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው ይህን ሳይጠይቅ አይፈርምም።

ዶሮውን በእጁ የበላው አሠልጣኝ በማግሥቱ ደውሎ «ሁሉንም እኔ አስተካክለዋለሁ፤ አይዞሽ» አላት፤ በጽሑፍ ግን ምንም አልላከም። ሁለተኛው አንድ ገጽ ላከ፤ የአስጠኚው ስምና የማታው ሰዓት፥ የተቀሩትም መልሶች ተጽፈውበታል፤ ከሥሩም የትምህርት ኃላፊው ፊርማ አለበት። ይኸኛው ኮሌጅ ግን ብርድና በረዶ ባለበት ገጠር ያለ ነው፤ ጨዋታውም በቴሌቪዥን አይታይም። ልጁ የፊተኛውን ይፈልጋል። እኔንም ተቀይሞኛል፤ «አጎቴ ኳስ አያውቅም» ብሏል አሉኝ፤ እውነቱን ነው። እናቱ ወረቀቱን በማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፋዋለች፤ ይህን ደብዳቤ እስከ ጻፍሁበት ቀን ድረስ አልወሰኑም።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

አንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቤት አስተማሪ
ከአዲስ አበባ